የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ፦ ቅልጥም፣ ሶል፣ ቀሚስና በሶ

የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። ዛሬ ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥቼ ወደ ጨሞጋ ወረድኩ። ስመለስ ጫማዬ በጭቃ እጥፍ ከብዷል። ግን ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩ አደይ አበባ ነው። በዚህ ወር ተኝቶ ማርፈድ አይሆንልኝም። ታጥቤ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ ደብዳቤዎቻችሁን የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኩ።

ለአዲስ አንባቢ ያህል፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። 43 ዓመቴ ነው። ሩጫ የጀመርኩት ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ፣ በ34 ዓመቴ ነው። ክለብ ገብቼ አላውቅም። ያሉኝ ሜዳሊያዎች የተሳትፎ ናቸው፣ አራቱንም ግድግዳ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ሐኪምም አሰልጣኝም አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት በሳምንት አራት ቀን የሮጠ ሰው የሚያውቀውን ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄ፦ እቴቴ፣ ቡሬ ባጃጅ ነው የምነዳው። 26 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምቀመጥ ሰውነቴ ከበደኝና ከሦስት ወር በፊት ሩጫ ጀመርኩ። በየቀኑ 6 ኪሎ ሜትር፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። በየቀኑ የትናንቱን ሰዓት ለማሻሻል ነው የምሮጠው። አሁን ሁለቱም ቅልጥሜ ያመኛል። ሰዓቴም ከአንድ ወር ወዲህ አልተሻሻለም። ጓደኞቼ «የአትሌት አገር ልጅ አይደለህ? ቻለው!» ይሉኛል። ልቻለው?

መልስ፦ አትቻለው ወንድምዓለም። ዛሬውኑ አቁም።

መጀመሪያ ይህን አድርግ። ተቀመጥና የቅልጥምህን ውስጠኛ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በአውራ ጣትህ እየተጫንክ ሂድ። ህመሙ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ እንደ ስንዝር ረዘም ብሎ ከተዘረጋ፣ ብዙ ጀማሪ የሚይዘው ዓይነት ነው፤ በዕረፍት ይድናል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ሆኖ ስትጫናት የሚያስጮህህ ከሆነ፣ ወይም ማታ ተኝተህ እንኳ የሚጠዘጥዝህ ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ሂድ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ምንም የለውም» ቢሉህም ህመሙ እስኪጠፋ አትሩጥ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሥራህ ባጃጅ ስለሆነ በባጃጅ ላስረዳህ። ሞተሩን አድሰሃል፣ ሻንሲው ግን የድሮው ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠነክራሉ። አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽህ «እችላለሁ» ሲልህ ቅልጥምህ ገና አልደረሰም። አንተ ደግሞ የሚጠገንበት አንድ ቀን እንኳ አልሰጠኸውም።

የጓደኞችህን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሩጫ ማለት ማሸነፍ ነው። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ሲያዩ «ደከመው» ይላሉ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ካልገባሁ እያልኩ ራሴን ስገርፍ ከርሜ፣ እንዳንተው ቅልጥሜን ታምሜ ሁለት ወር ቤት ዋልኩ። በዚያው ሰሞን ሱሉልታ ዘመድ ልጠይቅ ሄድኩ። ንጋት ላይ ከቤት ስወጣ አትሌቶች መጡ። አሥር ይሆናሉ። አንድ ሰልፍ ሠርተው፣ የፊተኛው የረገጠበትን የኋለኛው እየረገጠ፣ እያወሩ። ቀስ ብለው! ዳር ዳሩን በፈጣን እርምጃ ስከተላቸው ለጥቂት ደቂቃ አልራቁኝም። እነዚህ ውድድር ቀን ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ የሚጨርሱ ልጆች ናቸው። አንዱን «ታማችኋል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አይ፣ ትናንት ከባድ ነበር፣ ዛሬ ኢዚ ነው» አለኝ። ይቺ ቃል የሩጫ ሕይወቴን ቀየረችው። እነሱ ቀላል ቀን ካላቸው እኔና አንተ ከየት መጣን?

ስለዚህ ሁለት ሳምንት አትሩጥ። መራመድ ትችላለህ። ከዚያ ቀን እየዘለልክ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በኮሮኮንች ወይም በሣር ላይ ጀምር። አስፋልቱን ለጊዜው ተወው። ፍጥነቱን እንዴት ትለካለህ? እኔ «አባታችን ሆይ»ን በዜማ ሳይሆን በንባብ እላለሁ። ሳልቆራርጥ ከጨረስኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። መሐሉ ላይ አየር ከጠፋብኝ ፈጥኛለሁ። አንተ ዘፈንም ቢሆን ያዝ፣ ዋናው ዓረፍተ ነገሩ ሳይሰበር መውጣቱ ነው። ይህ ዱብ ዱብ የልብህን ጡንቻ ያጠነክራል፤ አንድ ጊዜ ሲመታ የሚረጨው ደም ይጨምራል። እግርህ ውስጥም አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበቅላል። ፍጥነት የምትነካው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን፣ እሱም ቅልጥምህ ከዳነ ከሁለት ወር በኋላ።

እኔ ስጀምር «አባታችን ሆይ» እያልኩ መሮጥ የቻልኩት ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ነበር። አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። ከዓመት በኋላ ያው ትንፋሽ 6 ደቂቃ ከ50 ሆነልኝ። ሳልታገለው መጣ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ብዙ ወር ቆጥቤ «ካርቦን አለው» የተባለ አዲስ የሩጫ ጫማ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ለቀቀ። ሻጩ «አላውቅልህም» አለኝ። አባቴ ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው፣ ምን ጫማ ጫማ ትላለህ» ይለኛል። አሁን ሌላ አዲስ ልግዛ ወይስ ሳልባጅ?

መልስ፦ ብሩ አንጀቴን በላው፣ የተማሪ ብር ነውና።

ካርቦን የሚባለው ሶሉ ውስጥ የሚቀበር ቀጭን ዝርግ ነው። ብቻውን ምንም አያደርግም። ሥራውን የሚሠራው ከላይና ከታች ያቀፈው ቀላልና የሚመልስ ስፖንጅ ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር። ዋጋውም 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ የተሠራ ነው ብሎ ነው የሸጠው። አንተ የገዛኸው ኮፒው ሳይሆን አይቀርም፤ ኮፒው ላይ ያለው ደረቅ ፕላስቲክና የወንበር ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው። ልምምድ ላይ ለሚውል ሰው እውነተኛውም ቢሆን አያስፈልገውም።

እኔ የምመርጥልህ እውነተኛ ሳልባጅ ነው። ግን እንዲህ እያየህ ግዛ። የውስጥ ሶሉን አውጣና ከታች ያለውን ስፌት እይ። ክሩ እኩል ተራምዶ ከሄደ፣ ሙጫው ወደ ውጭ ካልፈሰሰ፣ ጥሩ ፋብሪካ ነው። ከዚያ የሶሉን ጎን ወደ ብርሃን አዙር። ስፖንጁ ላይ እንደ ሽማግሌ ግንባር የተደራረበ መስመር ካለ ተጨፍልቋል፣ አልቋል። አውራ ጣትህን ጫን። ገብቶ ቶሎ ከተመለሰ ሕይወት አለው። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ወይም እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ካለ፣ መልኩ አዲስ ቢሆንም መጋዘን ውስጥ አርጅቷልና ተወው። ተረከዙን ከኋላ ሆነህ እይ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጫማ የሌላ ሰው እግር ነው። በመጨረሻ አንዷን እግር ይዘህ በርበሬ ሻጭዋ ጋ ሂድና ሚዛን ላይ አስቀምጪልኝ በላት። ደህና የልምምድ ጫማ ከ250 እስከ 300 ግራም አካባቢ ነው። ከ350 ካለፈ የመራመጃ ጫማ ሳይሆን አይቀርም።

አያያዙም አለ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ በሐምሌ የረጠበ ጫማዬን ለነገ ይድረስልኝ ብዬ ከሰል ምድጃ አጠገብ አኖርኩት። በማግስቱ ጨሞጋ ደርሼ ልመለስ ስል የግራው ሶል እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ጭቃውን አቋርጬ ገባሁ። እሳት ማስቲሹን ያላላዋል፣ ፀሐይም ስፖንጁን ያደርቃል። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ፣ ጥላ ላይ ይደር። ጋዜጣውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀይረው። እያንዳንዱን ጫማ ስንት እንደሮጥኩበት በየሳምንቱ ምላሱ ውስጥ በስክሪፕቶ እጽፋለሁ። 700 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ገበያ መሄጃ አደርገዋለሁ።

የለቀቀውን አትጣለው። ሊስትሮ ጎኑን በናይለን ክር ቢሰፋልህ ለመራመድ ይሆናል። ለሩጫ ግን ክሩ ሶሉን ያደርቀዋል።

ለአባትህ ደግሞ በትሕትና ይህን ንገራቸው። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው! እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነርስ ነኝ፣ 31 ዓመቴ። መሮጥ በጣም እፈልጋለሁ። ግን በታይት ብቻ መውጣት አልደፍርም፣ በቱታ ሱሪ ደግሞ ጭኔ ይላላጣል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ውሻም አለ። እንዴት ቻልሽው?

መልስ፦ እታለሜ፣ ሙያዬ ላይ መጣሽ!

የሚልጥሽ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ አይለቅም፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ታይቱ ላይክራ ያለበት ፖሊስተር ይሁን። ስትገዪ ገልብጠሽ የውስጥ ጭኑን ስፌት ዳብሺው። ጠርዙ ከወፈረና ከጎረበጠ ይልጥሻል። ተነጥፎ የተሰፋ ከሆነ እጅሽ አይሰማውም። ጎርባጣውን ከገዛሽ ደግሞ መላ አለው፤ ገልብጠሽ ልበሺው፣ ስፌቱ ውጭ ይሁን። ከላይ ቀሚስ ይሸፍነዋል። በጭንሽና በጡት መያዣሽ ጠርዝ ቫዝሊን ቀቢ።

ቀሚሱን እንዲህ ነው የምሰፋው። ከወገብ እስከ ጉልበት፣ በቀጭን ፖሊስተር። በግራና በቀኝ ከጉልበት ወደ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል ክፍት አደርግና የፊተኛውን በኋለኛው ላይ አሳልፈዋለሁ። ቆመሽ ስትታዪ ዝግ ነው፣ ስትሮጪ ይከፈታል፣ እርምጃሽን አይዝም። ወገቡ ላስቲክና ማሰሪያ ሁለቱም ይኑረው። ኪሱ ከኋላ ወገብ ላይ፣ ከውስጥ፣ ቁልፍና ሁለት የብር ኖት የምትይዝ። የጎን ኪስ ግን በፍጹም፣ ስልክ ሲወዛወዝ ቀሚሱን ይጎትተዋል። ፍኖተ ሰላም ያለ ሰፊ ሁሉ ይህን ይሠራልሻል፣ ይህን ገጽ አሳዪው።

ስለ ሰው ላውራሽ። በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት ከመንገድ ዳር ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በገጠራችን ሴት ልጅ ጎህ ሳይቀድ የምትሮጠው መርዶ ሲመጣ ነው። ቆምኩ። ጉልበታቸውን ስሜ «ማንም አልሞተም እማማ፣ ለጤናዬ ነው» አልኳቸው። መርቀው ሸኙኝ። አሁን ሳልፍ «ዛሬ ዘገየሽሳ» ይሉኛል፤ ሳልወጣ ስቀር ደግሞ ደህንነቴን ያስጠይቃሉ። ሰላም እያልሽ ሩጪ። በስም እየጠራሽ፣ እየቆምሽም ቢሆን። ከሁለት ወር በኋላ የሰፈሩ ሰው ጠባቂሽ ይሆናል። ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ውጡ።

ውሻ ሲመጣ ሩጫ አቁሚ፣ ጀርባሽን አትስጪው። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ የምታነሺ ምሰይ። የአገራችን ውሻ ይህን ምልክት በደንብ ያውቀዋል፣ አብዛኛው ይመለሳል። ከዚያ በእርምጃ እለፊ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልድገመው፦ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዳንግላ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። 62 ዓመቴ ነው። በዚህ ዓመት ኅዳር ከልጅ ልጄ ጋር አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሩጫን፣ 10 ኪሎ ሜትሩን፣ ለመሮጥ ቃል ገብቻለሁ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ ጽጌንም ልጾም አስቤአለሁ። በጾም ጠዋት ስሮጥ ራሴን ያዞረኛል። የትኛውን ልተው?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለቱንም አይተዉ። ቀኑን ብቻ እናስተካክል።

ከሁሉ በፊት ግን የደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ያስለኩ። በተለይ የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ማዞሩን ለሐኪሙ ይንገሩት። ይህን ሳያደርጉ አንድ ዙር እንኳ እንዳይሮጡ እለምንዎታለሁ።

እኔ ረቡዕና ዓርብን የዕረፍት ቀን ነው ያደረግኳቸው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት፣ እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቀምሼ ከሰዓት እሮጣለሁ። በረዥሙ ጾም ወቅት ጠዋቱን ትቼ 9 ሰዓት ላይ እቀምሳለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ቀስ ብዬ ግማሽ ሰዓት እሮጣለሁ። በጾም ፍጥነትና ዳገት የለም። ቀን መቁጠሪያውም አግዞዎታል። ጽጌ ኅዳር 5 ያበቃል፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ታላቁ ሩጫ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይውላል።

ለጉልበት በሶ የሚያህል የለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ የጎጃም ማር፣ ቁንጣሪ ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ። ክዳን ባለው ጠርሙስ በደንብ ይምቱትና ከሩጫው አንድ ሰዓት በፊት ይጠጡት። ምስር ወጥ ሲበሉ ሎሚ ወይም ቲማቲም ይጨምሩበት፣ ብረቱን ለሰውነት ያቀርባል። ቡናውን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያርቁት። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ይህ ለጎጃም ሰው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ጂፒኤስ ያለው የሩጫ ሰዓት ልግዛ?

መልስ፦ ገና አትግዛ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ 3.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሰዓቱን ስልክህ ይይዝልሃል። ንጋት ላይ የእግረኛው መንገድ ላይ ሆነህ፣ ጭጋጉ ከውኃው ሲነሳ እያየህ ሩጥ። በመጣሁ ቁጥር እዚያ ካልሮጥኩ ባሕር ዳርን ያየሁ አይመስለኝም። እናንተ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ፣ እኛ ከ2,400 በላይ። እዚያ ትንፋሼ ይረዝማል፣ ሙቀቱ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ አያስሮጠኝም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ከአማኑኤል። ታላቁ ሩጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ልንሮጥ ነው። ምን እንወቅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! በ1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሲካሄድ 10,000 ሰው ነበር የተሳተፈው፣ ያሸነፈውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነው። አሁን ሕዝቡ የዚያን ጊዜውን ብዙ እጥፍ ነው። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር መሮጥ ብትፈልጉም አትችሉም፣ መንገዱ ሙሉ ነው። አትጋፉ፣ ዚግዛግ አትሥሩ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በሰው መሐል እየተሽሎከለክኩ ወደ ፊት ሄድኩና 3ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኔን ወግቶኝ ቆምኩ። 1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ፈጀብኝ። ባለፈው በመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች «አባታችን ሆይ» እያልኩ ሄጄ፣ ከ7ኛው በኋላ ለቀቅኩትና 58 ደቂቃ ገባሁ።

ከፍታው አያስጨንቃችሁ፣ የእናንተው አየር ነው። ቲሸርቱን ግን ቀድማችሁ አንድ ቀን ሮጡበት፣ ብብት ላይ የሚፈገፍግ ከሆነ በዚያን ቀን ይታወቃል። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ ያልለመዳችሁት ቁርስ፣ አንዱም አይሁን።

መንገዱ ደህና መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁና ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከደብረ ማርቆስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ በማግስቱ መሮጥ እግርን እንጨት ያደርገዋል። ስትመለሱም ደረቅ ካልሲ ያዙ። መኪናው የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ለምሳ ሲቆም ቶሎ አትቀመጡ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ከዚያ ሽሮው ይምጣ።